አየሩ ሲወጣ

በሽኮድራ ተራሮች፣ በበረዶ ሌሊት፣
የአባቴን መርቸዲስ ጎዳት አንዲት ፍጥረት፤
የጎማ ቱቦዋን ሽለምጥማጥ በላው፣
ናፍጣው በረዶውን ቢጫ ቀለም ቀባው።

አባቴ ፓሽኮ ሌላ ቱቦ የለው፤
ያለው ንዱዌ ነው፣ ታናሽ ወንድምየው።
በአንዲት ክንድ ድንበር ከተቀያየሙ
ሁለት በረዶ ቀልጧል፤ ዛሬ ግን ቆሙ
ከአንድ ኮፈን ሥር፣ ጎን ለጎን፣ ዝም ብለው፣
የእጅ ባትሪ ይዤ እኔ መሐላቸው።

አጎቴ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ቱቦውን ወጠረ፣
በሁለት ፋሼታ ጫፍ ጫፉን አሰረ።
ቁልፉ ሲዞር ግን ባዶ የብረት ሳል፤
«መስመሩ ውስጥ» አለ ለራሱ፣ «አየር ገብቷል።»

«ምታ» አለ አጎቴ፣ ብሎኑን አላልቶ።
«በቃ» ሲለው ቆመ፣ አባቴ ሰምቶ።
ነጭ አረፋ ተፋ። ደግሞ «ምታ»። ተፋ።
ኋላ የጠራ ናፍጣ እጁ ላይ ተደፋ።
ሁለት ዓመት፣ ሁለት ቃል፤ እኔ ቆጥሬያለሁ፣
ጣቶቼ ደንዝዘው ብርሃኑን ይዣለሁ።

አንዴ አነጠሰች፣ ጭስ አትጎለጎለች፣
እንደ ኩሩ ባልቴት ማጉረምረም ቀጠለች።

አጎቴ በበረዶ እጁን አሸ፣ ሄደ፤
ቻው አላለም፤ በአጥሩ ዞሮ ወረደ።
አባቴ ሞተሩን ሳያጠፋው መሸ፣
የወንድሙን ቢላ በጨርቅ እያሻሸ።