ሁለተኛው መርፌ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመርፌ ነው የኖርሁ፣
ቡሬ ገበያ ዳር፣ ቆርቆሮ ተጠግቼ፣ ስንቱን ቀዳዳ ሰፋሁ፤
የሙሽራ ቀሚስ፣ የቄስ ካባ ዘርፉ፣
የሽንዲ ገበሬ ቁምጣ ከነጉድፉ።
አንዷን የብረት መርፌ ዓመት አኖራለሁ፣
ስትደንዝ ስዬ፣ ስትጎብጥ አቅንቼ፣ መልሼ እሰፋለሁ።

ሁለተኛው መርፌ ሕጉ ሌላ ሆነ፣
አንዴ ከወጋ ወዲያ ዕድሜው ተከደነ።

ነገሩ የጀመረው ጺሜ ሲሳሳ ነው።
ጉልበቴ፣ ታጥቦ እንዳለቀ አቡጀዴ፣ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር፤
ሌሊት ፊቴን ወደ ግድግዳ፣ ቀን በትንሽ በትልቁ ቁጣ።
አንዱ ጠበል አለኝ፣ አንዱ አረቄ አለኝ፣
አንዱ «ሚስት ለውጥ» ብሎ ሣቀ።
ባሕር ዳር ሁለት ጠዋት ደም ሰጠሁ በባዶ ሆዴ፤
ሐኪሙም አሉኝ፦ «ከአንጎልህ ግርጌ፣ አተር የምታህል ዕጢ አለች፤
መልእክት ማድረስ ትታለች።»

ሲስተር ትብለጥ ጤና ጣቢያ አስቀምጣ አስተማረችኝ፣
ፊት በብርቱካን ላይ፣ ኋላ በገዛ ጭኔ።
«እጅህን በሳሙና፣ እስከ አንጓህ ድረስ፤
ችኮላ አያሻም፣ ይህ አይደል የጥምቀት ልብስ።»

ብልቃጧን ወደ መብራት አነሣለሁ፤
ስሟን አነባለሁ፣ ቀኗን አነባለሁ፣
ከደፈረሰች፣ ብናኝ ካየሁባት፣ አልነካትም።
በመዳፌ ጨብጬ አሞቃታለሁ፣ ዘይት ናትና።
የሰሊጥ ዘይት ነው አሉ መድኃኒቱን ያዘለው።
በጎረምሳነቴ መተማ ወርጄ ሰሊጥ አጭጃለሁ፤
ወባ ይዞኝ ተመለስሁ፣ ደመወዜን ጠጡት።
ማን ያውቃል፣ ያ ላቤ ባሕር ተሻግሮ፣
ብልቃጥ ውስጥ ታትሞ፣ ዛሬ ጭኔን ፍለጋ መጥቶ ይሆናል።

የላስቲኩን ክዳን በአልኮል እጠርጋለሁ፤
እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ እፍ አልልም፤
ክር ሲያረጥብ የዋለ የልብስ ሰፊ አፍ ምኑ ይታመናል!
በወፍራሙ እቀዳለሁ፣ በቀጭኑ እወጋለሁ፣
ሁለቱም ከወረቀታቸው ዛሬ የወጡ።
አረፋውን በጣቴ ነካ፣ ነካ፣
ሽቅብ ይሸሻል።
መስመሩ ላይ ስደርስ እቆማለሁ፤
ሐኪሙ ከጻፉት አንዲት ክር አልጨምርም፣
መለካት እንደሁ ሙያዬ ነው።

የባጃጅ ነጂው ደመላሽ፣ ብረት የሚያነሣው፣
«ጋሼ ልየው፣ ጠብታ ስጡኝ፣ ደረቴ ይስፋ» ቢለኝ፣
«ልጄ፣ በእኔ ልክ የተሰፋ ነው» አልሁት።
«የሰው ኮት ቢጠብህ ታወልቀዋለህ፤
ይህ ከገባ አይወልቅም።»
ኩርፊያው ሳምንት ቆየ። ይቆይ።

አንድ ማታ ግን፣ በሩን እንደ ልማዴ ዘግቼ፣
ልክ መቅዳት ስጀምር መብራት ጠፋ።
ቡሬ ነው፣ ይጠፋል።
በጨለማ መውጋት? አላደርገውም።
እጄን አየር ላይ ሰቅዬ ቆምሁ፣ እንደ ተያዘ ሌባ።
መጋረጃው ተገለጠ፤ ይታይሽ፣ ስልኳን አብርታ።
መርፌውን አየች። ብልቃጧን አየች። ጭኔን አየች።
ልቤ ከብርሃኑ ኋላ ልትደበቅ ፈለገች።

«በየሦስት ሳምንቱ በር የምትዘጋ፣
ሌላ ሴት ያለችህ መስሎኝ ነበርኮ!» አለች፤
ቀጥላም፣ «በል ወደዚህ ዙር፣
አንተ ያለ መብራት ቁልፍ እንኳ አትተክልም።»

ያዘችልኝ። እጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ የእኔ ግን ጸና።
ከጭኔ መሐል፣ ከውጪ በኩል፣ ቀስ ብሎ ገባ፤
ዘይት አይቸኩልም፣ እኔም አልቸኮልሁ።

ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን ሳልመልስ
በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልሁት፣
ቀጭ አለ።
ቆርቆሮው ሲሞላ ለሲስተር ትብለጥ ነው የምመልሰው፣
ሕፃናት ኳስ ከሚያባርሩበት ቆሻሻ ገንዳ አልጥለውም።

ይታይሽ መለኪያ ጠመኔዬን ከኪሴ አወጣች፤
ሃያ አንድ ቀን በጣቷ ቆጥራ፣
ከአልጋው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀኑን ጻፈች፣
ከሥሩም፦ «ግራ»።