የኤርሜሊንዳ ቁጥር

ካልቡኮ ወደቡ ላይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ሳልመኑ በበረዶ ተደርድሮ ሲወርድ፣
ነጭ ቦቲ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ጓንት በጓንት ላይ፤
ማን ማን እንደሆነ በዓይን ብቻ ነው የሚለይ።

ከጎኔ ኤርሜሊንዳ ናት። ቢላዋ ስትይዝ
አጥንቱ ራሱ ነው እሺ ብሎ የሚመዘዝ።

አራት መቶ የሞላች ጉርሻ አላት ተባለ፤
ኤርሜሊንዳ ሞላች። በወሩ ልኩ ከፍ አለ።
አራት መቶ ሃምሳ። እሱንም አለፈችው፤
የሚያፈሰውን ጣሪያ በዚያ ነው የቀየረችው።
እኛ ግን በሆዳችን ረገምናት፤ አልዋሽም፤
የሷ እጅ በፈጠነ ቁጥር የኛ ቀን አይመሽም።

ውሃ መጠጣት ተወች። ሽንት ቤት ደርሶ መልስ፣ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ዓሣ፤
ሒሳቡን የነገረችን ምሳ ላይ ነው፣ እየሳቀች፣ ከወንበሯ ሳትነሣ።

የዓሣው ደም በጓንቴ፣ የዓሣው ወዝ በክንዴ፤
ደመወዝ ሲሉኝ ያ ነው የሚመስለኝ አንዳንዴ።

ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? እሷን አስጨነቃት፤
መጀመሪያ አውራ ጣቷን፣ ከዚያ አንጓዋን ነጠቃት።
ቁልፍ ማዞር አቃታት።
የልጇን የራየንን ፀጉር የምትጎነጉን ጎረቤቷ ሆነች።

ቁጥሯ ግን ከሰሌዳው አልወረደም፤ አምስት መቶ ሃያ፤
ማንኪያ መያዝ ያቃታት ሴት፣ የሁላችን መለኪያ።

ትናንት አለቃው ኦያርሱን ካርድ አዙሮ አስፈረመን።
«ቶሎ ዳኚልን» ብዬ ጻፍኩ።
ቆየሁና
«ቶሎ» የምትለዋን ሰረዝኩ።