የተዋስነው ተራራ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ፣ ከበሩ፣
ሌሊት ዘንቦ ኖሮ ረጥቧል ጠጠሩ።
ትኬት ቆራጯ ልጅ ስድስት ብላ ቆጠረችን፣
«መሪያችሁ ወይዘሮ ናሩሴ ናቸው» አለችን።

ቁመታቸው አጭር፣ ዕድሜያቸው ሰባ አራት፣
ቢጫ ጨርቅ አስረዋል ከዣንጥላቸው አናት፣
እንዳንጠፋ ብለው። መጥፋቱ ግን አልቀረ፤
ጥንቱንም መንገዱ ለማጥፋት ተቀመረ።

«ኩሬው የታል?» አለ ካናታ፣ ከፊት እየሮጠ፣
የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ ጫማው እያዳለጠ።
«ስማው» አሉት ቆመው ከቀርከሃው ጥላ፤
«መስማት ይቀድማል እዚህ፣ ማየት ነው ወደ ኋላ።
ድንጋዩ ሆን ተብሎ ጎርበጥባጣ ተነጥፏል፣
ዓይን ከእግር እንዳይርቅ አስቀድሞ ታስቧል።
ሰፊው ድንጋይ ሲመጣ፣ ያኔ ቀና በሉ።»
አጎንብሰን ሄድን፣ ሳንቲም እንደ ጣሉ።

ቀና አልን።

ኩሬው ተዘርግቷል፣ ሰማይ ተኝቶበት፣
ሽማግሌ ጥድ ከዳር በምርኩዝ ቆሞበት፤
ቀይ ዓሣ፣ ነጭ ዓሣ፣ አንድ ከሰል መሳይ፣
አፋቸውን ከፈቱ፣ ከእጃችን ነገር ቢታይ።

መሬት ለኪ የነበሩት አያቱ፣ አቶ ኡሜሃራ፣
«ጥልቀቱስ ስንት ነው?» አሉ፣ እንደ ድሮ ሥራ።
«ጉልበት አያልፍም» አሉ፤ «ጥልቅ ያስመሰለው
ጥላ ነው። እዚህ ግቢ ሁሉም ውስጠ ወይራ ነው።»

አንዲት ሴት ተንበርክካ በድንጋይ ሽበት መሃል
አረም ትነቅላለች በወረንጦ፤ ሣር ከሣር ይለያል
ለእሷ ዓይን። ለእኛ ሁሉም አረንጓዴ ነው።
ስሟን አልነገሩንም፤ አንገቷ ላይ ፎጣ።
ቀና ሳትል ሰላም አለች፣ ድምጿ ከመሬት ወጣ።

ከሻይ ቤቱ ገብተን ከሰሌን ተቀመጥን፣
የካልሲያችንን ቀዳዳ በሌላው እግር ሸፈንን።
«ያ ተራራ» አሉ፣ «ያ ከአጥሩ ማዶ ያለው፣
የእኛ አይደለም። መስፍኑ ነው የተዋሰው፤
አጥሩን ዝቅ አስደርጎ፣ ዛፉን ከመሃል አስገምሶ፣
ከግቢው ውስጥ ሰቀለው፣ በዓይኑ ተውሶ።
ወለድም አልከፈለ፣ ውልም አልፈረመ፣
ሦስት መቶ ዓመት ሆነው፣ ሳይመለስ ከረመ።»
«ብድር በምድር» አሉ አቶ ኡሜሃራ እየሳቁ።
«አደራ፣ ወደ ግራ እንዳታዩ።» ዓይኖቻችን ሰረቁ።

ግራችን የካፉር ዛፍ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ።
«ከኋላው ፎቅ አለ» አሉ፤ «አሥራ አንድ ደርብ።
ሲሠራ ከተማው ጮኸ፤ ፎቁ ግን ቆመ።
አትክልተኞቹ አልተከራከሩም።
ዛፍ ተከሉና ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቁ።»

«ማን ይኖርበታል?» አለ ካናታ።

«እኔ።
ስምንተኛው ላይ።
ባለቤቴ የገዛው ለዚህ ኩሬ ሲል ነበር፤
ጠዋት ጠዋት ከበረንዳው
ሽመላው ለዓሣ ሲያደባ እናያለን፣ አንዳችንም ሳንናገር።
ዛፉ በየዓመቱ አንድ ክንድ አደገ።
መጀመሪያ ድልድዩን ወሰደ፣ ቀጥሎ ደሴቲቱን፣
ሽመላው በመጨረሻ ሄደ፤
ባለቤቴም በዚያው ክረምት…
እኔ ከእናንተ ስሰወር ኩሬውም ከእኔ ተሰወረ።»

ዣንጥላቸውን አነሡ፣ ቢጫውን ቋጠሮ ጠበቅ አደረጉት።
«አልተከፋሁም። ለመስፍኑ የዓይን ጉድፍ ነበርን።
ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ በበሩ እገባለሁ፣
ትኬት አያስከፍሉኝም፤
ከላይ ሆኜ አየው የነበረውን
ከእናንተ ኋላ ቆሜ አያለሁ።»

ነፋስ መጣ ድንገት፣ ካፉሩ ተላወሰ፣
ቅጠሉ ላንድ አፍታ ከመሃል ተገመሰ፤
ከሩቅ፣ ከፍ ብሎ፣ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ፣
ሰማያዊ ብርድ ልብስ ታየ፣ በነፋስ ተነፍቶ።

ካናታ ጣቱን አነሣ። አያቱ፣ ሳይናገሩ፣
ያን ጣት በእጃቸው ይዘው ወደ ተራራው አዞሩ።
ሁላችንም ዞርን።

«ቀጥሎ ድልድዩ ነው» አሉ ወይዘሮ ናሩሴ፤
«ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ አለ። ራሳችሁን ጠብቁ።»