ዘር የበላው

ረቡዕ ገበያ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ከጋሼ እንዳላማው፣ ከአረቄ ቤቱ በር፣
ካሬ ደብተር ይዤ ተቀምጫለሁኝ፣
ከአያት እስከ ምንዥላት ቆጥሮ እንዲነግረኝ።
“ምነው በበጋ ቢሆን?” አለኝ ጫማዬን አይቶ፣
የጨሞጋ ጭቃ እስከ ጉልበቴ ወጥቶ።
በበጋ ሰው የለም፤ አጨዳ፣ ውቂያ፣ ሠርግ ነው፤
ክረምት ነው ሽማግሌን ቤቱ የሚያስቀምጠው።

በከዘራው ጫፍ ጭቃውን ወጋ ወጋ አድርጎ ጀመረ፦
“ይሁኔ የጫኔ፣
ጫኔ የደምለው፣
ደምለው የ…”
ሳል ያዘው።
ሳሉ ረዘመ፤ ዝናቡም ረዘመ፤
“…የሰንደቄ” ብሎ ከዚያው ላይ ፈጸመ።

እሱ ቁጥር የለው፤ ዘመን የሚለየው
በክረምቱ ስም ነው፣ ክረምት ባሳየው፦
በጎች እንደቆሙ በውርጭ የቀሩበት፣
ጨሞጋ ሙሽራን ከነበቅሎዋ የወሰደበት፣
በሐምሌ አቦ መብረቅ ጥዱን የከፈለበት፣
ኩበቱ ሁሉ ረጥቦ፣ ፍም በገል ከሦስት ሰፈር የተለመነበት፣
መቃብር ቢቆፍሩ ውኃ እየሞላ፣ ሬሳ ቤት ያደረበት።

እኔም በጣቶቼ ክረምቶቹን ቆጠርሁ፤
ሰንደቄ ከሞተ በአሥራ አራተኛው ክረምት
ደምለው ተወለደ።
“ጋሼ፣ ሙት ይወልዳል?” ብዬ ጠየቅሁት።
መለኪያውን አንሥቶ ወደ አፉ አደረሰ፤
ሳይጠጣው መለሰ።
“ኪዳነ ምሕረት ውጣ፣ መሪጌታን ጠይቅ፤
ብራናው ነው እንጂ እኔ አይደለሁ የማውቅ።”

ሦስት ጊዜ ድጥ ጥሎኝ፣ በአራተኛው ደረስሁ።
መሪጌታ ፈንታ ወንጌሉን ከደበሎ ፈቱት፤
ጥግ ጥጉን ርጥበት ገምጦታል።
በሉቃስ ኅዳግ ላይ የዘመድ ዝርዝር፦
ላይ ሰንደቄ አለ፣ ታች ደምለው አለ፤
በመሐል ጠባሳ፣
በካራ የተፋቀ፣ ቆዳው እስኪሳሳ።
ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አደረጉልኝ፤
ቀለም ይፋቃል እንጂ ንክሻው አይፋቅም፦
አንለይ።
እናቱ ናት መቼም ይህን ስም ያወጣች፣
እንዳይለያት ብላ።

“አነበብኸው?” አለኝ ጋሼ፣ ስመለስ።
“በል ስማኝ፣ ልጨርስ።
በረዶ ባንድ ቀትር አዝመራውን በላ።
የተረፈው ዘር ነው፣ የስምንት ቤት ገብስ፣ በቁና ተለቅሞ፣
እሱ ታመነና ከሱ ጎታ ገባ፣
በእበት ተመርጎ፣ በግዝት፣ ለከርሞ።
ክረምቱ ጠለቀ። ወንዙ ሞላ። ቆላ መውረድ ቀረ።
ልጅ የምድጃ አመድ ሲልስ ተገኘ።
አንድ ሌሊት፣ ዶፉ ጣራ ሲደበድብ፣
ድምፅ እንዳይሰማበት፣ ጎታውን ሰበረ።
መዝሪያው ወር ሲደርስ ባዶውን አገኙት፤
ሸንጎ ተቀምጦ
‘ዘር የበላ ሰው ከዘር አይቆጠር’
ብሎ ፈረደበት፤ ስሙን አስፋቁበት።”

“ደምለው ያኔ ስንት ዓመቱ ነበረ?”
“ጥርስ አብቅሎ ነበር።”

ገባኝ። ያ ገብስ ማሳ ላይ አይብቀል እንጂ
በቅሏል፤ በደምለው ድድ ላይ፣
እስክርቢቶ በያዘው በዚህ በእኔ ጣት።

ዝናቡ ድንገት ቆመ። ቆርቆሮው ዝም ሲል
የሽማግሌው ትንፋሽ ጎልቶ ተሰማኝ።
“ያንን ፍርድ የፈረደው አያቴ ነበረ” አለኝ።
“ሊሞት ሲል ለአባቴ፣ አባቴ ለኔ፣ እኔ ለማንም።
ሌሊት፣ በጓሮ በር፣ ከዚያው ገብስ ንፍሮ
አንድ ቅል ተሰጥቶት ልጆቹን አብልቷል፤
ኋላ ሸንጎው ላይ አፉን ጠርጎ መጣ።”

“አንለይስ ምን አለ?”
“አንለይማ ዝም አለ።
ያየውን ዋጠና ዝም ብሎ ተፋቀ።”

መለኪያውን አሁን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው።
“ጻፈው እንግዲህ” አለኝ፤ “ግን በደቃቅ ጻፈው።”

በረጠበው ካሬ፣ ከሰንደቄ በታች፣ ከደምለው በላይ፣
ጻፍሁት፣
የገብስ ፍሬ አህሎ።