ሚኒሞ

ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ትነሣለች፣
ነዳጅ ስሰጣት እንደ ሐር ትሄዳለች፤
እግሬን ሳነሣ ነው ጉዷ የሚወጣ፤
ትንቀጠቀጣለች፣ ከቆላ ወባ ይዞት እንደ መጣ፣
መስታወቷ ላይ ያለው የሐጂ ሙሄ ሙስበሃ
ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል ያለ ዱዓ።

ስድስቱን ካንዴላ ፈትቼ አወጣሁ፣
ጥላሸት ለብሰዋል፤ በሽቦ ብሩሽ አሸሁ፣
መልሼ አሰርኩ። አንድ ሰዓት ደህና ሆነች።
ከዚያ ያው፤ ጥቁር ጭሷን ሽፋው ሱቅ ውስጥ ተፋች፣
ሽፋውም ከስፌቱ ቀና ብሎ፣
«የሙሽራ ቀሚስ ነው የምሰፋው፣ ኧረ በአላህ!» አለ ተቃጥሎ።

ወይዘሮ ጦይባ ቦርሳቸውን ከፍተው
የደረሰኝ ብጣቂ ዘረገፉ፤ ሁሉም የኮምቦልቻ ነው።
«ቴስታታ ተላገ። ጓርኒሲዮን ተለወጠ።»
«አዲስ ፑንቲና። ኮንዴንሰር። የካንዴላ ገመድ።»
«ካርቡራቶር ታጠበ።»
መጨረሻው ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ደህና ናት። ምንም የላትም።»
ቶፊቅ ፈርሞበታል፣ ቀኑን ሞልቶ።

መርሴዲስ አርጅታ ሰው ታታልላለች እንዴ?
የጎማ ቱቦ አንሥቼ፣ አንዱን አፍ በጆሮዬ፣
ሌላውን በሞተሯ ዙሪያ፣ እንደ ሐኪም አዳመጥኩ፣
አየር የሚሰርቅ ቀዳዳ ቢያፏጭልኝ ብዬ።
የለም።
ገመዶቹን በእሳቷ ተራ ነቀልኳቸው፦
አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት፤
በእያንዳንዱ ደከመች፣ ተንገዳገደች፣
አንድም ሰነፍ የለባት።
ስድስቱም ይሠራሉ፤ ቤቱ ግን ሰላም የለው።
እንዲህ ያለ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ሽማግሌም አልፈታው።

ቶፊቅን ልወቅስ ወረድኩ፤
ጭጋጉ ጦሳ ላይ ቀረ፣
ወይዘሮ ጦይባ ከጎኔ፣ ጆሯችን መንገዱን በሙሉ ተደፈነ፣ ተከፈተ፣ ተደፈነ።
ኮምቦልቻ ገብተን ቆምን። እሷም ጸጥ።
ቶፊቅ ብርጭቆ ውሃ ሞተሯ ላይ አስቀመጠ፤
የውሃው ፊት አልተጨማደደም።
«አላልኩህም?» አላለኝም።
አነሣና ጠጣው።
የደረቀው ግን የእኔ ጉሮሮ ነው።

ስንመለስ፣ ሐረጎን ሳንጨርስ፣
«እዚህ ጋ አቁም» አሉኝ።
«ምነው?»
«ሐጂ ሁሌ እዚህ ያቆም ነበር።
ወርዶ ኮፈኗን ያነሣል፣ አየር ትውሰድ ብሎ ይሆናል፤
እኔ ተቀምጬ ከአሰብ የሚመጣውን ጭነት መኪና እቆጥራለሁ።»
«ሲወጡ ነው ሲወርዱ?»
«ሲወጣም፣ ሲወርድም።»

የፊት መሳቢያውን ከፈትኩ።
እጀታዋ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ አጭር ካቻቢቴ፤
ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር ስፈልግ ወዲያ የገፋኋት በእጄ።
ካርቡራቶሩ ሥር፣ ብሎኑ ሁሉ ደንዝዞ ሳለ፣
የአንዲቷ ጥርስ በመዞር ብዛት ተበልቷል፣ ያበራል።
ወይ እኔ!
ኮምቦልቻ ላይ የሚያጠግበው ነዳጅ ደሴ ላይ ያንቃል፤
የደሴ አየር ስስ ነው፤ ዳገት የወጣ ሁሉ ትንፋሽ ያጥረዋል።
ቶፊቅም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ፤
መሐላችን ያለው ስድስት መቶ ሜትር ነው፣
እሱን ደግሞ በደረሰኝ ማን ይጽፈዋል?

ግማሽ ዙር ወደ ቀኝ። ትንሽ ጨመርኩ።
ሙስበሃው ዝም አለ።

ወይዘሮ ጦይባ ወረዱ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤
«ይችን ለመጠምዘዝ ነበር?» አሉ፣ «ይችን?
እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ወሬዬ ሰልችቶት የሚወርድ ይመስለኝ ነበር።»
ጭነት መኪና አለፈ፤ አልቆጠሩትም።
ካቻቢቴዋን ከእጄ ወሰዱ፤
«ወደ ቀኝ ስወጣ፤ ወደ ግራ ስወርድ፤
ወደ ቀኝ ስወጣ…» እስከ ጢጣ ድረስ እንደ ቁርኣን ተማሪ ቀሩት።

ማታ ደረሰኝ ስሞላ
«የተለወጠ ዕቃ» ላይ ሰረዝ አደረግሁ።
«ዋጋ» ላይም።
«የሠራው ባለሙያ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁና
ሐጂ ሙሄ ብዬ ጻፍኩ።