የጥንድ ጉትቻ ሒሳብ

ደብተሬን ከፈትሁ፣ መስመር አሰመርሁ፤
«ጥሬ ዕቃ» ሞላሁ፣ «ማቅለሚያ» ሞላሁ፣
ሦስተኛው ዓምድ ላይ ብዕሬን ሰቅዬ ቀረሁ።

«ሰዓት» ይላል ቅጹ።
ገዢዎቹ ናቸው ከባሕር ማዶ የላኩት፣
አንድ ጥንድ ጉትቻ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው የጠየቁት።
ሰዓቱ ሲታወቅ ዋጋው ይቃናል፣
የማንም ላብ በማንም ኪስ አይቀርም ይላል።

የማኅበሩ ቤት ሐይቅ ዳር ነው፣ ቆርቆሮ፤
ካፊያ ሲመታው ያደነቁራል ጆሮ።
ጦይባ ይመር ገባች፣ ወስፌዋን ሰክታ ከሻሿ ጠርዝ ላይ፤
ከደብተሬ ጣለች፣ የሳንቲም ታናሽ፣ የአለላ ፀሐይ፣
ሁለት።
መሐሉ ቀይ አለላ፣ ዙሪያው ስንደዶ፣
ከጥቁር ክር ጋራ አንድ ላይ ተገምዶ።

«ስንት ሰዓት ፈጀ?» አልኋት። ሳቀች።

«ከሱብሒ በኋላ አንድ ዙር ጀመርሁ፣
ሕፃኑ አለቀሰ፣ ወስፌዬን ሰካሁ።
ጥጃ ገመድ በጥሶ፣ ሮጬ አሰርሁት፤
ስመለስ ሰበዙ ደርቆ አገኘሁት፣
እንደገና ውኃ ነክሬ አለዘብሁት።
በዙህር ሁለት ዙር እንደምንም ጨመርሁ፣
ጎረቤት ሞተና ለቅሶ ቤት ዋልሁ።
ለቅሶ ቤት ይሰፋል? አይሰፋም፣ ነውር ነው፤
ጣቴ ግን በጋቢው ሥር ዙር ይቆጥር ነበር፣
እሱን ስንት ልበለው?

ስንደዶ ፍለጋ ገደሉን ስወጣ፣ እሱስ ይቆጠራል?
ቀለሙ ሲፈላ ጢሱ ዓይኔን ሲፈጀው፣ ያን ማን ይጽፈዋል?
እናቴ እጄን ይዛ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣
‹አጥብቂው!› እያለች የመታችኝ በደጅ፣
ያስ ሰዓት አይደለም?
በማን ስም ይጻፋል፣ በኔ ነው በእሷ እጅ?»

እስክሪብቶ ነከስሁ።
ቅጹ ላይ ያለችው ሣጥን ጠባብ ናት፤
ሁለት አኃዝ እንጂ እናት አትገባባት።

ድሮማ ቀላል ነው። ነጋዴው ይመጣል፣
ኢሱዙውን ሳያጠፋ ደርዘኑን በዓይኑ ይመትራል፣
«ሣር እኮ ነው» ይላል።
ሣርማ ሣር ነው። እኛም አንናገርም፤
ለሣር የሚጣላ በሬ ነው እንጂ ሰው አይደለም።

ከቅጹ ጋር አብሮ ካርቶን ተልኳል፣ ጣት የሚያክል፣
ከጉትቻው ጋራ በክር የሚንጠለጠል።
በነሱ ቋንቋ ነው፤ ተርጉሜ አነበብሁላት፦
«ይህን የሠራችው ምስኪን ገጠሬ ናት፤
ጌጧን ሲገዙ ነው የምታገኝ ራት።»

ሉባባ ቀና አለች ከሰበዟ።
እንጉዳይ ከጥጉ «ውይ» አለች፣ ብቻ።

«ራት አለኝ» አለች ጦይባ በመጨረሻ፣
«ትናንት ዓሣ በላን፤ ሽሮም አለ፣ ካሻ።
ምስኪን የሚለውን ሰርዥልኝ፣ እቴ፤
ምጽዋት አልጎነጎንሁም እኔ በሕይወቴ።
ሦስቴ ተርትሬ የመለስሁት ይህ ዙር
ለሷ ጆሮ ብዬ ነው፣ እንድታምር።
ከንፈር የመጠጡበት ጉትቻ ይከብዳል፣ ጆሮ ይጎትታል፤
ጌጥ ከሆነ ግን ቀሊል ነው፣ ከፀጉር ሥር ይጫወታል።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ጦይባ ይመር በይ። ሐይቅ በይ። ዙሩ አሥራ አራት።
ውኃ አታስነኪው በያት፣ ቀለሙ እንዳይለቅባት።»

ጻፍሁ።
ቀረ የሰዓቱ ሣጥን።
«ስድስት» አልሁ። ሉባባ «አብሽሪ፣ ስድስት የት ይበቃል?»
«ስምንት» አልሁ። እንጉዳይ «ለቅሶው በግማሽ ይያዛል።»
አንዷ ጥጃውን ደምሪ፣ አንዷ ቀንሺ፤
ሌላዋ ደግሞ «ሕፃኑስ? ጡቱን አትርሺ!»
ሳቅና ሙግቱ ከካፊያው በላይ ሲጮህ፣

ጦይባ አንዷን ጉትቻ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች፣
አገላበጠች፣
«ጠማማ ናት ይቺ» አለችና
ወስፌዋን ከሻሿ መዝዛ
መተርተር ጀመረች።

ስምንቱን ሰረዝሁት።