«ሁሉንም ጫንልኝ» ላልከኝ ልጅ

ፍላሽህን መልሰው፣ ኪስህ ይቀመጥ፤
የወንድይራድ ድምፅ እንደ ጤፍ በኪሎ ተሰፍሮ አይሸጥ።
ና፣ ከደረጃው ሥር ያችን በርጩማ ሳባት፤
ወደዚህ ሰው መግቢያ አንዲት በር ናት ያለችው፣ ብዙ ሰው የሳታት።

ከአንደኛው ካሴት አትጀምር።
(ይህን ብዬ ሁለት ወዳጅ አጥቻለሁ፤ ቢሆንም ልመስክር።)
ያኔ ልጅ ነበረ፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ በላይ፤
አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋሩ ባላንጣ ይመስላሉ፣ ተው ባይ
ሽማግሌ ያጡ።

ጀምር ከሁለተኛዋ፣ ቢጫ ሽፋን ካላት፣ ከገጽ ሁለት፣
አራተኛው ዘፈን፣ «ሣጥን ቁጥር ስምንት»።
የተቀዳበት ክፍል ከቸርችል ጎዳና ዳር፣ ፎቅ ላይ ነበረ፤
ሙቀቱ አላስችል ቢለው ከበሮ መቺው መስኮት ከፈተ፤ እንደተከፈተ ቀረ።
ሁለት ደቂቃ ከሃያ ላይ፣ ቤዙ ዝቅ ሲል፣ ጆሮህን ጣልበት፤
«አራት ኪሎ! አንድ ሰው!» የሚል ወያላ አለ፣ ሳይከፈለው የዘፈነበት።
መኩሪያ ይስቅብኛል፤ እኔ ግን እላለሁ፦ ያ ጩኸት ባይመጣ
አዝማቹ ከዚያ ጉሮሮ በዚያች ሰዓት መቼ ሊወጣ?

ሦስተኛውን ዝለል። ነጋዴ ገባበት፤ ጊታሩ ታፈነ፣
ሠርግ ቤት እንዲያዋጣ በኪቦርድ ተከሸነ።
ቆይ፣ ሁሉን አትዝለል። የመጨረሻው ላይ፣ ሊያበቃ ትንሽ ሲቀረው፣
አንዴ ይስላል፤ ሳሉን ማንም አልቆረጠው።
ሰው በቦርሳው ፎቶ እንደሚይዝ፣ እኔ ያንን ሳል ይዤ ኖሬአለሁ።

ስትገዛ ሽፋኑን አገላብጠህ እይ፤
«ወንድራድ» ተብሎ አንድ ፊደል ከጎደለ
እውነተኛው እሱ ነው፤ አስመስሎ ከሚያትም ዘንድ ስህተት የታለ?

አራተኛው የማታ ነው። ዝናብ ካለ ጥሩ፤
ከጊዮርጊስ ቁልቁል መብራት አስፋልቱ ላይ ሲፈስ፣ እንደ ሳንቲም ዝርዝሩ።
እዚህ አይጮኽም። ከፍ ያለውን ዜማ ሊነካው ይልና
ይተወዋል፣ ቁልፍ ይዞ ከገዛ በሩ እንደሚመለስ ሰው ገና።
«ድምፁ አልቆ ነው» ይላሉ አዋቂ ነን ባዮች፤ እኔስ አልመሰለኝም፤
ያለው ነው የሚቆጥብ፤ ያጣ ሰው አይቆጥብም።

አሁን ጠይቀኝ፣ «ቢጫዋ የታለች?» በለኝ።
ዋናዋ የለችም።

የፊት ሱቄ ሳይፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያ ሳለሁ፣
አንድ ሽበታም ሰው የሙዝ ፌስታል ይዞ ገባ፤ ሻጭ ነኝና ዝም አልኩ፣ አየሁ።
ካሴቶቹን በጣቱ እየነካ፣ እያለፈ፣
ስም እንደሚፈልግ ሰው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ፣
«ቢጫዋ አለችህ?» አለኝ። «የኔዋን ልጄ ቀዳባት፣ የኳስ ጨዋ—»
ሳል አቋረጠው።
ያ ሳል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጠናሁትን ንግግር ምላሴ ዋጠችው፤
መቼ፣ የት፣ በማን ቤት እንዳዳመጥኩት፣ ሁሉን አነቀችው።
ካሴቷን ጠቀለልኩ፣ በጋዜጣ። «ሃምሳ ብር» አልኩት።
ሃምሳ ብር! ለገዛ ድምፁ ሃምሳ ብር ተቀበልኩት።
ቆጥሮ ሰጠኝ፣ አመሰገነኝ፣ ታክሲ ተራውን አቅንቶ ወረደ፤
ልከተለው ስል ባትሪ የሚፈልግ ሰው መጣ፤ ጊዜው ሄደ።

እንግዲህ ፍላሽህን አምጣው። አንዷን ብቻ ልጫንልህ፤
የቅጂ ቅጂ ናት፣ ትንሽ ታፏጫለች፤ ወያላው ግን ይሰማሃል፣ ጸጥ ካልህ።
ሌሎቹን ስትመለስ።
ሒሳቡን ተወው፤ እጅህን ከኪስህ አውጣ፤
ያችን ሃምሳ ብር እስከ ዛሬ አልዘረዘርኳትም።